ጉስ አይላንድ፣ ሞተር ሆሙና የክሬኖቹ ጀልባ፦ የሦስት ሌሊት ጉዞ ግምገማ

በጥር ወር አጋማሽ ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቻችንና ለጥየቃ ከመጡት አማቴ ጋር ሆነን ሞተር ሆም፣ ማለትም አልጋ፣ ማብሰያና መጸዳጃ በውስጡ ያለው የቤት መኪና፣ ተከራይተን ከሂዩስተን ወደ ቴክሳስ የባሕር ዳርቻ ወርደን ነበር። ማረፊያችን በሮክፖርት ከተማ አቅራቢያ፣ በላማር ልሳነ ምድር ጫፍ የሚገኘው ጉስ አይላንድ ስቴት ፓርክ ሲሆን፣ የጉዞው ዋና ዓላማ በዓለም ላይ እጅግ ብርቅ ከሆኑት ወፎች አንዱን፣ ሁፒንግ ክሬን የሚባለውን፣ በጀልባ ሄዶ ማየት ነበር። ይህ ግምገማ መኪናውንም፣ የካምፕ ስፍራውንም፣ የጀልባ ጉብኝቱንም ይመለከታል። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ ጀልባው ብቻውን ያን ያህል መንገድ ያስኬዳል፤ የካምፕ ስፍራው ለዚህ ዓላማ ከታሰበው በላይ ተስማሚ ነው፤ ሞተር ሆሙ ግን የሚጠቅመው ቆሞ ሲያድር እንጂ ሲነዳ አይደለም። ይህን አስቀድመን ብናውቅ ኖሮ የጉዞውን ዕቅድ ከሥሩ በሌላ መልክ እንሠራው ነበር።

ከመኪናው ልጀምር። የተከራየነው 25 ጫማ፣ ማለትም ሰባት ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለው፣ ከጋቢናው በላይ ተጨማሪ አልጋ የተሠራለት ዓይነት ነው። ቴክሳስ ውስጥ ክብደቱ ከ26,000 ፓውንድ የማያልፍ ሞተር ሆም በተራ መንጃ ፈቃድ ስለሚነዳ የተለየ ፈተና አይጠየቅም፤ ልምድ አይጠየቅም ማለት ግን እንዳልሆነ በሀይዌይ 35 ላይ፣ ዛፍ በማይታይበት ሜዳ፣ ከጎን የሚነፍሰው ንፋስ ገና በመጀመሪያው ሰዓት አስተማረኝ። የመኪናው ጎን እንደ ቁም ሣጥን ቀጥ ያለ በመሆኑ ንፋሱን ሙሉ በሙሉ ይቀበለዋል፤ መሪውን በሁለት እጅ ጨብጦ፣ ከኋላ የሚከተለው ሁሉ እንዲያልፍ እየፈቀዱ፣ በዝግታ ከመሄድ በቀር ሌላ ዘዴ የለውም። በአንድ ጋሎን ከ8 እስከ 10 ማይል ብቻ ስለሚጓዝ፣ ወደ 180 ማይል የሚጠጋው መንገድ ለአንድ ወገን ብቻ 20 ጋሎን ያህል ቤንዚን ፈጅቷል።

የኪራዩ ሒሳብ ለብቻው ሊነበብ ይገባዋል። ለማስታወቂያ የሚወጣው የአንድ ሌሊት ዋጋ ነው፤ ከእሱ በኋላ ግን ከተፈቀደው በላይ የተነዳው ማይል፣ ጄኔሬተሩ የሠራበት ሰዓት፣ ኢንሹራንሱ፣ የማዘጋጃ ክፍያውና የድስትና የአንሶላው ኪራይ ይከተላሉ። ሁሉም ተደምሮ ሲያበቃ የመጨረሻው ደረሰኝ መጀመሪያ ካየነው ቁጥር ጋር የነበረው ዝምድና የሩቅ ሆኗል። ከዋጋው ይልቅ ያስቀየመኝ ግን ርክክቡ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አከራይ ሦስት የተለያዩ ታንኮችን፣ ሁለት ዓይነት የኤሌክትሪክ መስመርን፣ የጋዝ ምድጃንና የውሃ ማሞቂያን ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ አሳይቶ፣ ወረቀት አስፈርሞ፣ ቁልፉን ሰጥቶን ሄደ። እንዲህ ያለ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚረከብ ሰው፣ አከራዩ ቢቸኩልም እሱ ሳይቸኩል፣ እያንዳንዱን ነገር በገዛ እጁ አብርቶና አጥፍቶ እንዲያይ፣ ማብራሪያውንም በስልኩ በቪዲዮ እንዲይዝ አጥብቄ እመክራለሁ።

የዚህን ጥቅም የተረዳነው በሁለተኛው ሌሊት ነው። በዚያ ዳርቻ በዚያ ወራት ቀኑ ለስላሳ ሆኖ ይውልና ከሰሜን የሚመጣ ቀዝቃዛ ንፋስ በሰዓታት ውስጥ የአየሩን ጠባይ ይገለብጠዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔም ያላወቅሁት ነገር፣ ሞተር ሆሙ ከካምፑ ኤሌክትሪክ ጋር ተያይዞ እያለ እንኳ የቤቱ ማሞቂያ የሚነደው በፕሮፔን ጋዝ መሆኑን ነው። ግድግዳው ላይ ያለው መለኪያ ታንኩ ከግማሽ በላይ እንደሆነ እያሳየ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋዙ አለቀ። አማቴ ጋቢያቸውን ደርበው ምንም ሳይናገሩ ተቀመጡ፤ ዝምታቸው ግን ከንግግር የከበደ ነበር። ያዳነን ባለቤቴ «ምናልባት» ብላ ከቤት የያዘችው ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። እሱም ቢሆን ልክ አለው፤ የእኛ መኪና የሚቀበለው 30 አምፒር በ120 ቮልት 3,600 ዋት ስለሆነ፣ 1,500 ዋት የሚወስደው ማሞቂያ እየሠራ ማይክሮዌቭና የቡና ውሃ ማፍያ አብረው ሲጨመሩ ብሬከሩ ይወርዳል። ጠዋት ላይ ሁለት ጊዜ ወርዶብናል።

የካምፕ ስፍራው ሁለት ዓይነት ፊት አለው፤ ምርጫውም በአየሩ ይወሰናል። አንደኛው ወገን በደሴቷ ላይ፣ ፊቱን ለአራንሳስ ወሽመጥ የሰጠ ሲሆን፣ መስኮት ሲከፈት ከውሃው ጋር የሚያገናኝ፣ ነገር ግን ከንፋስ የሚከልል ዛፍ የሌለው ነው። ሁለተኛው ከመግቢያው ወዲህ ባለው ጫካ ውስጥ ነው፤ በዚያ የሚበቅሉት ላይቭ ኦክ የሚባሉት ዛፎች ለዘመናት ከባሕሩ በሚነፍሰው ንፋስ ተገፍተው ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነበሉ በመሆናቸው፣ ፀጥ ባለ ቀን እንኳ ዐውሎ ነፋስ ላይ ያሉ ይመስላሉ። እኛ የውሃውን ዳር መርጠናል፤ ያ ቀዝቃዛ ሌሊት ባይጨመርበት አልጸጸትም ነበር። ገና ሳይነጋ በሩን ከፍቶ፣ ቡና ይዞ፣ ፔሊካኖች በውሃው ላይ ዝቅ ብለው በሰልፍ ሲያልፉ ማየት ሆቴል ሊሰጠው የማይችለው ነገር ነው፤ የሞተር ሆሙ ዋጋ የሚካካሰውም በዚህች አንዲት ሰዓት ነው።

የመግቢያ ክፍያው ከ13 ዓመት ጀምሮ ላለ ሰው በቀን 5 ዶላር ሲሆን፣ የማደሪያው ዋጋ ለብቻው ይከፈላል። ውሃና ኤሌክትሪክ በየማደሪያው አለ፤ የፍሳሽ መስመር ግን የለም፤ ስለዚህ የተጠራቀመው ቆሻሻ ውሃ ሲወጡ በጋራ መድፊያው ይደፋል። አምስት ሰው በአንድ መኪና ውስጥ ሦስት ቀን ከሰነበተ የእጅና የሳህን መታጠቢያው ታንክ ከመጸዳጃው ቀድሞ እንደሚሞላ ይታወቅ፤ ገላን በፓርኩ መታጠቢያ መታጠብ ይህን ያቃልላል። «ባሕር ዳርቻ» የሚለውን ቃል ሰምቶ አሸዋና ዋና የሚጠብቅ ቤተሰብ ግን ቅር ሊለው ይችላል፤ ዳርቻው የኮንክሪት ግንብ፣ ኦይስተር የሚባለው ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ ቅርፊት፣ ጭቃና ረግረግ ስለሆነ የመዋኛ ቦታ የለውም። ዓሣ ማጥመድ ለሚወድ ደግሞ በቴክሳስ ስቴት ፓርኮች ውስጥ ከዳርቻ ሆኖ ለማጥመድ ፈቃድ መግዛት አያስፈልግም፤ ልጆቼ አንድም ዓሣ ሳይዙ ግማሽ ቀን በደስታ ውለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተታችን እመጣለሁ። የወፍ ጀልባዎቹ የሚነሡት ከፓርኩ አይደለም፤ ከኮፓኖ ወሽመጥ ረጅም ድልድይ ማዶ፣ ወደ 10 ማይል ርቆ ከሚገኘው የፉልተን ወደብ ነው። እኛ ደግሞ ከሞተር ሆሙ ሌላ መኪና አልነበረንም። በመሆኑም በጀልባው ቀን ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተን፣ በባትሪ ብርሃን የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅለን፣ የውሃውን ቱቦ ጠቅልለን፣ መደገፊያውን አውጥተን፣ ቤታችንን ከነአልጋው ይዘን ወደ ወደብ መንዳት ግድ ሆነብን። በችኮላው አንድ መሳቢያ ሳይቆለፍ ቀርቶ፣ ከፓርኩ መውጫ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ የአከራዩ ሳህኖች በሙሉ ወለሉ ላይ ወረዱ። ወደቡ ስንደርስም እንዲህ ያለ ረጅም መኪና የሚያቆሙበት ቦታ መፈለግ ሌላ ሥራ ነበር። አጠገባችን ያደሩ አዛውንት ባልና ሚስት ትንሽ መኪናቸውን ከሞተር ሆማቸው ኋላ ጎትተው በማምጣታቸው፣ እኛ ከሄድን ከአንድ ሰዓት በኋላ ተነሥተው ከእኛ ቀድመው ጀልባው ላይ ተቀምጠዋል።

ጀልባውን በተመለከተ፣ የድርጅቱን ስም ባልጠቅስም አገልግሎቱ የተመሰገነ ነው። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ እንዲሄድ የተሠራ፣ ከታች በመስታወት የተዘጋና የሚሞቅ ክፍል፣ ከላይ ደግሞ ክፍት ደርብ ያለው ሲሆን፣ ጉዞው አራት ሰዓት ያህል ወስዷል። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አማቴ ዋናው ጥያቄ መሳፈሪያውና ደረጃው ነበር፤ ሠራተኞቹ ሁለት ሆነው ደግፈው አሳፈሯቸው፣ የታችኛው ክፍልም መጸዳጃ ቤት ስላለው ወደ ላይ ሳይወጡ ሁሉን ማየት ችለዋል። ከጠዋቱና ከቀትር በኋላው ጉዞ መምረጥ ለሚችል ሰው የጠዋቱ ይሻላል፤ ጀልባው የሚሄድበት የውሃ መስመር ወፎቹ ካሉበት ረግረግ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ስለሚያልፍ፣ ጠዋት ፀሐይዋ ከተመልካቹ ጀርባ ሆና ነጩን ላባ በሙሉ ብርሃን ታሳያለች። ባይኖኩላር ከጀልባው ያበድራሉ፤ የራሱን የሚይዝ ግን ከ10 እጥፍ ይልቅ 8 እጥፍ የሚያጎላውን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ሞተሩ በሚያንቀጠቅጠው ወለል ላይ ብዙ ማጉላት ማለት ብዙ መንቀጥቀጥ ማለት ነው።

ጀልባው ወሽመጡን አቋርጦ የሚደርሰው እ.ኤ.አ. በ1937 የተቋቋመው የአራንሳስ ብሔራዊ የዱር እንስሳት መጠለያ ጠርዝ ላይ ነው። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ያየነው ብቻውን ለሌላ ጉዞ ይበቃ ነበር። በኦይስተር ክምር ላይ ቀይ ረጅም ምንቃር ያላቸው ኦይስተርካቸሮች፣ ማንኪያ በመሰለ ምንቃራቸው ውሃውን ግራና ቀኝ የሚያጥቡ ሮዝ ስፑንቢሎች፣ ጀልባውን የሚከተሉ ዶልፊኖች ነበሩ። ልጆቼን ከሁሉም በላይ ያሳቃቸው ሬዲሽ ኢግሬት የሚባለው የሳቢሳ ዘመድ ነው፤ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገደ ይሮጣል፣ ድንገት ቆሞ ክንፉን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ ጥላ ይሠራል፣ ከዚያም አንገቱን ወርውሮ ዓሣውን ያነሣል። ቡናማዎቹ ፔሊካኖች ዛሬ በየምሰሶው ላይ ተቀምጠው ሲታዩ ተራ ይመስላሉ፤ ዲዲቲ በተባለው ፀረ ተባይ ምክንያት የእንቁላላቸው ቅርፊት እየሳሳ ሊጠፉ ደርሰው ከነበረበት አገግመው፣ አደጋ ካንዣበበባቸው ዝርያዎች መዝገብ የተሰረዙት ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

ካፒቴኑ ሞተሩን ቀንሶ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ፣ ሁላችንም ምን እንደመጣ አወቅን። ሁፒንግ ክሬን ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል፣ የተዘረጋ ክንፉ ከሁለት ሜትር በላይ የሚሆን፣ በሰሜን አሜሪካ ካሉት ወፎች ሁሉ ረጅሙ ነው። ከሩቅ ለማያውቅ ሰው ግን በረግረጉ ላይ ያለ ነጭ ነገር ሁሉ ክሬን ይመስለዋል፤ አስጎብኚው ያስተማረን መለያ ጠቃሚ ስለሆነ እዚህ ላስፍረው። ነጩ ሳቢሳ ሲበር አንገቱን አጥፎ ወደ ትከሻው ይሰበስባል፤ ክሬኑ ግን አንገቱን ቀጥ አድርጎ ወደፊት ይዘረጋል። የክንፉ ጫፍ ጥቁረት የሚታየው ሲበር ብቻ ነው፤ ቆሞ ሳለ ተሸፍኖ ሙሉ ነጭ ይመስላል፤ ያኔ የሚታወቀው በግንባሩ ቀይ ቆዳና ከኋላው እንደ ቀሚስ ዘርፍ በሚወርደው ላባ ነው።

የመጀመሪያውን ቤተሰብ ስናገኝ አስጎብኚው «ሁለት ናቸው» አለ። አማቴ በመስታወቱ ሲያዩ ቆይተው «ልጄ፣ ሦስት ናቸው እኮ፤ አንዱ ሣሩን መስሎ ነው» አሉኝ። እውነትም ከወላጆቹ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ላባው ነጭና የዛገ ብረት የመሰለ ቡናማ የተደባለቀበት፣ በዚያው ዓመት የተፈለፈለ ጫጩት ነበር። እናቲቱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ትጥላለች፤ የሚያድገው ግን ብዙውን ጊዜ አንዱ ስለሆነ፣ ባለ ሦስት ቤተሰብ ማየት የዓመቱ ምርት ጥሩ መሆኑን ከሚያሳዩ ምልክቶች አንዱ ነው። ይህ ጫጩት በመጀመሪያው የሕይወት ዓመቱ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከካናዳው ዉድ ባፋሎ ብሔራዊ ፓርክ እስከዚህ ረግረግ፣ ከወላጆቹ ጋር በርሮ የመጣ ነው። መራቢያቸው የት እንደሆነ እስከ እ.ኤ.አ. 1954 ድረስ የሚያውቅ አልነበረም፤ የተገኘውም በጫካ እሳት ምክንያት በአካባቢው በአየር ላይ በነበሩ ሰዎች ነው።

ወላጆቹ ተራ በተራ ጭቃው ውስጥ ምንቃራቸውን እየሰደዱ ሰማያዊ ሸርጣን ሲያወጡ ሃያ ደቂቃ ያህል ተመለከትን። አንዱ ትልቅ ሸርጣን አውጥቶ መሬት ላይ እየመታ እግሮቹን ከነቀለ በኋላ ሥጋውን ለጫጩቱ አቀበለ። ሸርጣኑ እንዲበዛ ከጓዳሉፔና ከሳን አንቶኒዮ ወንዞች የሚወርደው ጨው የሌለው ውሃ ወሽመጡ መድረስ አለበት፤ በድርቅ ዓመት ውሃው ሲጨውና ሸርጣኑ ሲጠፋ ወፎቹም ይራባሉ። ስለዚህ ከላይ ያሉ ከተሞችና እርሻዎች የሚጠቀሙት ውሃ መጨረሻው እዚህ ጭቃ ላይ ይቆጠራል። አስጎብኚው ይህን ሲያስረዳ ስብከት አላደረገውም፤ ወደ ምንቃሩ እያመለከተ ነው የነገረን፤ አገልግሎቱን ከወደድኩባቸው ምክንያቶች አንዱም ይህ ነው።

ቁጥሩን ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1941 መጨረሻ ወደዚህ ዳርቻ የወረዱት ሁፒንግ ክሬኖች 16 ገደማ ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ በአራንሳስ የሚከርመው መንጋ ከ500 በላይ ሆኗል። ያን ዕለት ጠዋት እኛ 23 ቆጥረናል፤ ማለትም በ1941 ከነበረው መንጋ ሁሉ የሚበልጥ ቁጥር ከአንድ ጀልባ ላይ አይተናል። እያንዳንዱ ጥንድ በረግረጉ ላይ የራሱን ክልል ይዞ ከሌሎች ስለሚከላከል፣ ካፒቴኑ ከአንዱ ቤተሰብ ወደ ሌላው የሚሄደው ጎረቤት እንደሚጠይቅ ሰው አድራሻ እያወቀ ነው። ጀልባው ከውሃው መስመር ወጥቶ አልተጠጋቸውም፤ አንዳንዶቹ ግን ከመቶ ሜትር ብዙም አልራቁም። በጣም የገረመኝ በዚያው መስመር ላይ ቤት የሚያህሉ የጭነት ባርጆች ሲያልፉ ወፎቹ አንገታቸውን እንኳ አለማቅናታቸው ነው፤ የባሕረ ሰላጤው የመርከብ መተላለፊያ በመጠለያው ጠርዝ ላይ ስለሚያልፍ፣ ይህ ለእነርሱ የዕለት ተዕለት ነገር ነው።

ድምፃቸውን የሰማነው በመመለሻችን ላይ ነው። ሁለት ጥንዶች በድንበር ሲገናኙ አንገታቸውን ወደ ሰማይ አቅንተው በየተራ ጮኹ፤ የጉሮሯቸው ቧንቧ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሆኖ በደረት አጥንታቸው ውስጥ እንደ መለከት የተጠቀለለ ስለሆነ ድምፁ ኪሎ ሜትሮችን አቋርጦ ይሰማል። ስማቸው የመጣውም ከዚሁ ጩኸት ነው። ጣና ላይ በታንኳ የሄደ ወይም ቢሾፍቱ አካባቢ በብርድ ወራት ከአውሮፓ የሚመጡትን ግራጫ ክሬኖች የሰማ ሰው ጆሮው ላይ የሚያውቀው ነገር ይመጣበታል፤ ዝርያው ሌላ ቢሆንም የመለከቱ ቤተሰብነት አይሳትም።

ጀልባው የማይመቸው ወይም ባሕር የሚያዞረው ሰው ሌላ መንገድ አለው። ከፓርኩ ጥቂት ደቂቃ ርቆ፣ ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው የሚገመተው ግዙፉ ላይቭ ኦክ፣ በተለምዶ «ቢግ ትሪ» የሚባለው፣ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2017 ሐሪኬን ሃርቪ ሮክፖርትን በምድብ 4 ኃይሉ ሲመታ ዙሪያው ያሉ ብዙ ዛፎች ወድቀው እሱ ቆሞ ቀርቷል። በዚያው ሰፈር ባሉ የግል ግጦሽ ማሳዎች ላይ ክሬኖች ብዙ ጊዜ ይታያሉ፤ እኛም በመጨረሻው ቀን ከአጥር ውጭ ቆመን ሁለቱን ያለ ምንም ክፍያ አይተናል። ሆኖም የሰፈሩ መንገዶች ጠባብ ስለሆኑ 25 ጫማ መኪና ይዞ መዞር ለነዋሪውም ለነጂውም ፈተና ነው፤ እዚህም ላይ የትንሽ መኪና ነገር ተመልሶ መጣ።

ለመሄድ የሚያስብ ሰው ቅደም ተከተሉን እንዲገለብጠው እመክራለሁ። እኛ መጀመሪያ ሞተር ሆሙን፣ ቀጥሎ ካምፑን፣ በመጨረሻ ጀልባውን ያዝን፤ መሆን የነበረበት ተቃራኒው ነው። ክሬኖቹ የሚመጡት ከጥቅምትና ኅዳር ጀምሮ ሲሆን በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ ይሄዳሉ፤ የጀልባው ቀን በዚህ መካከል፣ ንፋስ ቢያሰርዘው ሌላ ቀን እንዲኖር ወደ ጉዞው መጀመሪያ ተጠግቶ ይያዝ። የካምፑ ቦታ እስከ አምስት ወር አስቀድሞ ስለሚያዝ በእነዚህ ወራት ቅዳሜና እሑድን ለማግኘት ቀድሞ መነሣት ያስፈልጋል። ሞተር ሆሙ መጨረሻ ይምጣ፤ ከተቻለም ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተስማምቶ አንዱ ቤቱን፣ ሌላው ትንሽ መኪናውን ይንዳ። እኛ በሚቀጥለው ዓመት ከባለቤቴ እኅት ቤተሰብ ጋር እንዲሁ ለማድረግ ተስማምተናል፤ አማቴም ቪዛቸው ከተራዘመ ጫጩቱ ነጭ ሆኖ እንደመጣ ለማየት ይፈልጋሉ።

አከራዩን በተመለከተ፣ መኪናውን ስንመልስ የመለኪያውን ፎቶ ስላሳየናቸው የጋዙን ዋጋ ያለ ክርክር ተክተውልናል፤ የሰባት ሳህን ግን አስከፍለውናል።